በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ያለው ምልክት ለገበሬው ምን ይነግረዋል?

የእርሻ ወቅት ሲቃረብ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ መድኃኒት በየማኅበሩ መጋዘን ይራገፋል። ካርቶኑ ይቆጠራል፤ ደረሰኙ ይፈረማል፤ ማን ስንት ሊትር እንደ ወሰደ በመዝገብ ይሰፍራል። በዕቃው ላይ የተለጠፈውን ምልክት ወሳጁ ምን ብሎ እንደ ተረዳው የሚጠይቅ ማኅበር ግን እምብዛም አይገኝም። የማኅበር መሪዎች ሊያስቡበት የሚገባው ይኸው ነው።

በኢራቅ የደረሰው ጉዳት ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ማለትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971፣ የዚያ አገር መንግሥት ከውጭ የገዛውን ከ90 ሺህ ቶን በላይ የስንዴና የገብስ ዘር ለገበሬዎች አከፋፈለ። ዘሩ ሻጋታ እንዳይበላው ሜርኩሪ ባለበት መርዝ የታሸ፣ ከምግብ እህል እንዲለይም ቀይ ቀለም የተነከረ ነበር። በጆንያው ላይ ማስጠንቀቂያ ነበረበት። የተጻፈው ግን በእስፓኝኛና በእንግሊዝኛ ስለ ነበር ለአገሩ ባላገር ከባዶ ጆንያ የተለየ አልሆነም። የራስ ቅልና የተጣመረ አጥንት ሥዕልም ቢኖር ትርጉሙን የሚያውቀው አልተገኘም።

ዘሩ ለብዙዎች የደረሰው የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነበርና ተፈጭቶ ተጋገረ። ይህን ያደረጉት ግን በግድየለሽነት አይደለም። አንዳንዱ ገበሬ እህሉን አጥቦ ቀለሙን አስለቀቀ፤ ቀለሙ ሲለቅ መርዙም አብሮ የለቀቀ መሰለው። ሌላው ለጥቂት ቀን ለዶሮ ሰጥቶ ተመለከተ፤ ዶሮዋ ምንም አልሆነችም። ይህ መርዝ ግን ሕመሙ የሚታየው ከተበላ ከሳምንታት በኋላ ነው። መጀመሪያ እጅና እግር፣ የአፍም ዙሪያ ይደነዝዛል፤ ቀጥሎ መንገዳገድ፣ የአንደበት መተሳሰር፣ ሲብስም የዓይን መጥፋት ይከተላል። 6,530 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ ከነዚህም 459 ሞቱ። በየቤቱ የሞተው በዚህ ቁጥር ውስጥ የለበትም።

እነዚህ ገበሬዎች ቀለሙን አይተዋል፤ በገባቸውም መጠን ተጠንቅቀዋል። ጥንቃቄያቸው የተሳሳተ መሆኑን አስቀድሞ ጠይቆ የደረሰበት ሰው ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመው የኬሚካል መለያ ሥርዓት በቀይ መስመር የተከበቡ ዘጠኝ ሥዕሎች አሉት። በብዙ የእርሻ መድኃኒት ዕቃዎች ግርጌ ደግሞ የቀለም መስመር ይታያል፤ ቀዩ እጅግ መርዛማውን፣ ከዚያ ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ አረንጓዴው እያነሰ የሚሄደውን ያመለክታሉ። ይኸው የ2003 ሥርዓት ግን ሥዕል ማውጣት ብቻ እንደማይበቃ በመገንዘብ ሰዎች ምልክቱን መረዳት አለመረዳታቸው እንዴት እንደሚፈተን የሚገልጽ ክፍል አካቷል። በአሜሪካ የደኅንነት ምልክቶች መመዘኛ ደግሞ አንድ ሥዕል ከመቶ ሰው 85ቱ ካልተረዱት፣ ወይም በተቃራኒው የተረዱት ከአምስት ከበለጡ፣ ብቻውን ብቁ ሆኖ አይቆጠርም። በተቃራኒው የሚረዱት ለብቻ መቆጠራቸው ትክክል ነው። «አላውቅም» የሚል ሰው ይጠይቃል፤ አውቃለሁ ብሎ የተሳሳተው ግን ወደ ሥራው ይሄዳል።

በአገራችንም ለስህተት የሚዳርግ ነገር ሞልቷል። የራስ ቅሉን ሥዕል በመብራት መስመር ላይ ያየ ሰው ኤሌክትሪክ ነው ሊል ይችላል። ዓሣ የተሣለበትን ምልክት፣ ይኸውም ወደ ወንዝ እንዳይደፋ የሚለውን፣ በብርብራ ፍሬ ዓሣ ሲያሰክር ያደገ ሰው የዓሣ ማጥመጃ ነው ብሎ ቢተረጉመው አይፈረድበትም። ከሁሉ የሚከፋው ቃሉ ራሱ ነው። የሚያድነውም የሚገድለውም በአማርኛ «መድኃኒት» ይባላል። የእርሻ መድኃኒት ለቅማልና ለትኋን፣ አልፎ አልፎም ለቁስል የሚውለው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ማኅበሩ ምን ያድርግ? በስብሰባ ላይ «ገባችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ፍሬ የለውም። በጉባኤ መካከል አልገባኝም የሚል ሰው የለም፤ አንዱ የመለሰውንም ሌላው ይደግመዋል። አሥር ያህል ሰዎችን አንድ በአንድ ጠርቶ ዕቃውን በእጃቸው ማስያዝ ይሻላል፤ ለጥያቄው ጊዜ ክዳኑ ያልተከፈተ፣ የማያፈስ መሆን አለበት። «ይህ ሥዕል ምን ይላል? ቤትህ ስትደርስ የት ታኖረዋለህ? ከነዚህ ከሁለቱ የቱ ይከፋል?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም ሳያርሙና ፊትን ሳያጠቁሩ እስከ መጨረሻው መስማት ያስፈልጋል። እርማቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የሚጠየቁት አባወራዎች ብቻ እንዳይሆኑ፤ የረጪውን ልብስ የምታጥበው፣ ባዶውን ዕቃ ለውሃ መቅጃ የምትፈልገው እማወራ ትጠየቅ። ማንበብ የሚችሉትን ብቻ መርጦ መጠየቅም ራስን ማታለል ነው።

ተምች ሲወርድ ለዚህ ሁሉ ጊዜ የት አለ የሚሉ አይጠፉም። እውነት ነው፣ ተምች ቀጠሮ አይሰጥም። አሥር ሰው መጠየቅ ግን የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ መድኃኒቱ በመጋዘን ባለበት ሰሞን ሊሠራ ይችላል። የልማት ሠራተኛውም ያስተማረው ምን ያህል እንደ ደረሰ የሚያውቀው በዚህ ነው።

በቀለም የታሸ የበቆሎ ምርጥ ዘር ሲከፋፈልም እንደዚሁ ይደረግ። «የተረፈህን ምን ታደርገዋለህ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይቅደም፤ «አጥበን እንበላዋለን» የሚል አንድ ሰው ከተገኘ እደላው ቆሞ ነገሩ ለሁሉም በግልጽ ይነገር።

በገበያ በሃይላንድ ጠርሙስ እየተቀዳ የሚሸጠው ግን ለዚህ ፈተና እንኳ አይበቃም፤ የሚጠየቅበት ምልክት የለውምና። ማኅበሩ አባላቱ እንዲህ ያለውን እንዳይገዙ ሊከለክል ይገባዋል።

የተሳሳቱት መልሶች እንደ ተነገሩ፣ ሳይስተካከሉ፣ በመዝገብ ተጽፈው ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና መድኃኒቱን ላቀረበው ድርጅት ይላኩ። ምልክቱን አሳትሞ የሚለጥፈው አቅራቢው ነው፤ የትኛው ሥዕል በየትኛው ቀበሌ ምን ተብሎ እንደ ተነበበ ካልተነገረው የሚመጣውንም ዓመት ያንኑ ለጥፎ ይልካል።