ሰንሰለት በወርቅ ቢለበጥም

«ለታሪኩ ስል ነው የማነበው» እያላችሁ የምትይዙት የፍቅር ልብ ወለድ በጆሯችሁ ምን ሹክ እንደሚል ቆም ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን?

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሜሪ ሬኖልት እ.ኤ.አ. በ1972 «ዘ ፐርዢያን ቦይ» (የፋርሱ ልጅ) የተሰኘ ልብ ወለድ አሳትማለች። ዘመቻው፣ የበረሃው ጉዞ፣ የቤተ መንግሥቱ ሴራ ልብ ይሰቅላል። ተራኪው ባጎአስ የተባለ ወጣት ጃንደረባ ሲሆን የሚያፈቅረውም ታላቁን እስክንድርን ነው።

ይህን ስትሰሙ «አስተግፊሩላህ!» ብላችሁ መጽሐፉን ትወረውሩት ይሆናል። ወንድ ከወንድ ጋር የሚፈጽመው ግንኙነት በኢስላም ሐራም መሆኑን፣ የነቢዩ ሉጥ (ዐ.ሰ.) ሕዝቦች ታሪክም በቁርኣን መወሳቱን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ነገር ግን በዚህ ብቻ ካበቃን ትልቁን ሸፍጥ ሳናየው እናልፋለን።

ባጎአስ በልብ ወለዱ የመኳንንት ልጅ ነበር። አባቱ ተገደለ፤ እርሱም ገና በልጅነቱ ተሰለበና ተሸጠ፤ ጌታውም ገላውን ነገደበት። ከዚያ ለንጉሥ ዳርዮስ ተሰጠ። ዳርዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ330 ሲገደል ደግሞ ለድል አድራጊው እስክንድር ተበረከተ። ከዚህ በኋላ ያለውን ደራሲዋ ፍቅር ትለዋለች።

እርግጥ ነው፣ በመጽሐፉ እስክንድር ልጁን አያስገድደውም፤ የሚሻው ልጁ ራሱ ነው። ሸፍጡም እዚህ ላይ ነው! ቤቱ የፈረሰ፣ ዘር እንዳይተካ የተደረገ፣ አገሩ የተወረረ ሰው «እምቢ» ቢል ወዴት ይሄዳል? «እምቢ» ለማለት ያልቻለ ሰው «እሺ» ቢል ፈቃድ ይባላልን? ጥንታውያን ጸሐፊዎች የባጎአስን ስም አንስተዋል፤ የልቡን ግን ራሱ ጽፎ አልተወልንም። ባዶውን በፍቅር የሞላችው ደራሲዋ ናት።

እስቲ ልቦናችንን እንመርምር። ባጎአስ ሴት ልጅ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉን እንወረውረው ነበርን? ወይስ «አቤት ፍቅር!» እያልን ሌሊቱን እናነጋበት ነበር? እ.ኤ.አ. በ1919 በታተመው «ዘ ሼክ» በተሰኘው ልብ ወለድ አንዲት እንግሊዛዊት በበረሃ ትጠለፋለች፤ ትደፈራለች፤ በመጨረሻም ጠላፊዋን ታፈቅራለች። በ1921 ፊልም ሆኖ ዓለም አጨበጨበለት። እኛን ያስቆጣን የልጁ መበደል ነው ወይስ ወንድ መሆኑ ብቻ? አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ-ን-ኑር 33ኛው አንቀጽ ሴት ባሮችን ለዝሙት ማስገደድን ሲከለክል ዓይናችንን ወደ ተገደደችው አዙሯል።

የራሳችንንም ገመና አንሸፍን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መሰለብን መከልከላቸውን አብዱላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ሰፍሯል። ሆኖም በሙስሊም ነገሥታት ግቢ ጃንደረቦች ለዘመናት አገልግለዋል፤ ከእነርሱም መካከል ከዚሁ ከእኛ ምድር የተወሰዱ ሕፃናት ነበሩበት። እ.ኤ.አ. ከ1717 እስከ 1746 የኦቶማን ሐረም ጃንደረቦች አለቃ የነበረው ሐጂ በሺር አጋ ትውልዱ ሐበሻ ነው። ኢስታንቡል ውስጥ መስጊድና ቤተ መጻሕፍት አሠርቷል። እኛም «ባሪያ ሆኖ ሄዶ እንዴት ያለ ማዕረግ ደረሰ!» ማለት ይቃጣናል። ይህ ከደራሲዋ ሥራ በምን ይለያል? ሥልጣኑን ቆጥረን ምላጩን ረሳነው!

ወገኖቼ! አንብቡ፤ ግን ፍቅር በሚባለው ሁሉ ፊት «ይህ ሰው እምቢ ማለት ይችል ነበርን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አይችልም» ከሆነ በወርቅ የተለበጠ ሰንሰለት ይዛችኋል።

አላህ የተበዳይን ድምፅ የሚሰማ ጆሮ፣ የራሱንም ጥፋት የሚያይ ዓይን ይስጠን። አሚን!