የቆየው ብቻ ሲጠየቅ

ስለ ሠራተኛ ፍልሰት የሚዘጋጁ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ መጠይቃቸውን የሚበትኑት በሥራ ገበታ ላይ ላለው ሠራተኛ ነው። የለቀቀው አይጠየቅም። ከዚያም ጥፋቱ ወደ «ታማኝነት ማነስ» ይወሰዳል። በእኔ እምነት ግን ታማኝነት የጠባይ ጉዳይ ከመሆኑ በፊት መቆየት ለሠራተኛው የሚያስገኘው ጥቅም ጉዳይ ነው፤ ይህንን ለማየትም ከአዳማ ርቆ መሄድ አያስፈልግም።

በ1946 ዓ.ም. ማምረት የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ቋሚ ሠራተኛውን በመኖሪያ መንደር፣ በትምህርት ቤትና በሆስፒታል ከራሱ ጋር አስተሳስሮታል። (ወቅት ጠብቆ የሚመጣው አገዳ ቆራጭ ከዚህ ብዙም አልደረሰውም።) በ2011 ዓ.ም. በተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለች ስፌት ሠራተኛ ግን ከደመወዟ የቤት ኪራይና ምግብ ስትቀንስ የሚተርፋትን አስልታ ነው የምትቆየው ወይም የምትሄደው።

ሕጉም ቢሆን ቆይታን አላበረታታም። በአዋጅ ቁጥር 377/1996 የዓመት ፈቃድ ከ14 የሥራ ቀን ተነስቶ በየዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበት ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መነሻው 16 ሆኗል፤ ጭማሪው ግን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ነው። ከአሥር ተጨማሪ ዓመታት በኋላ 24 ቀን ያገኝ የነበረ ሠራተኛ ዛሬ 21 ያገኛል። አዲስ ገቢው ተጠቀመ፣ ነባሩ ተጎዳ። በገዛ ፈቃድ ለሚለቅ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ የሚታሰበውም ከአምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ ነው፤ ያኔ የ70 ቀን ደመወዝ ገደማ ይደርሰዋል፣ በአራተኛው ዓመት ለሄደው ግን ምንም።

በአንጻሩ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ሠራተኛውን ተከትሎ ስለሚሄድ፣ መዛወር የቀድሞውን ያህል አያስፈራም። ሒሳብ ሠራተኛው ወይም መሐንዲሱ የሥራ ልምድ ማስረጃውን ይዞ ሲዛወር ደረጃው ከፍ ሊል ይችላል። ስፌት ሠራተኛዋ ግን ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ብትሻገር የምትጀምረው ብዙ ጊዜ ከዚያው መነሻ ደመወዝ ነው። ስለዚህ «ሥራ መቀያየር ለዕድገት ይበጃል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለሁለቱ አንድ ዓይነት መልስ የለውም። አሠሪውም ቢሆን ይሄዳል፦ ስምጥ ሸለቆውን ተከትለን ወደ ሐዋሳ ብንወርድ፣ ፒቪኤች በ2014 ዓ.ም. ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲወጣ ስለ ታማኝነት ማነስ መጠይቅ የበተነለት የለም።

ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ያመለከቱ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለዋል። አብዛኞቹ ተቀጣሪዎች ሥራውን አድካሚና ለጤና አስጊ ሆኖ አግኝተውት በአጭር ጊዜ ለቀዋል። ይህ ሊታወቅ የቻለው ተመራማሪዎቹ ድርጅቱን ሳይሆን ሰውየውን ስለተከተሉ ነው። ከባቱ የአበባ እርሻ ወጥታ ዛሬ ሻሸመኔ ገበያ የምትነግድ ሴት በእኛ ናሙና ውስጥ የለችም፤ የሚቀጥለው የመመረቂያ ጽሑፍ ከእርሷ ይጀምር።