ለዒላማ ተኳሹ ሥፍራ ሳያሳዩ በረሃውን መዝጋት

በአሜሪካ ምዕራባዊ በረሃዎች ዒላማ ለመተኮስ የሚፈልግ ሰው የመሬት እጥረት የለበትም። የአገሪቱ የመሬት አስተዳደር ቢሮ በሕዝብ ስም የሚያስተዳድረው መሬት ብቻ 99 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ሲሆን፣ በአላስካ ካለው በስተቀር ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚገኘው እንደ ኔቫዳ፣ ዩታ፣ አሪዞናና ካሊፎርኒያ ባሉት የምዕራብ ግዛቶች ነው። ሆኖም ቅዳሜ ጠዋት ጠመንጃውን በመኪና ጭኖ ከፊኒክስ ወይም ከላስ ቬጋስ የሚወጣ ሰው በየትኛው ኮረብታ ሥር መተኮስ እንደተፈቀደለት አረጋግጦ ነው ወይ የሚወጣው ቢባል፣ መልሱ አጥጋቢ አይሆንም።

ይህ የከተሜዎች መዝናኛ ጉዳይ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ተኳሹ ባዶ በረሃ ብሎ የሚወጣበት መሬት የከብት አርቢው ግጦሽ ነው። የመሬት አስተዳደር ቢሮው ከሚያስተዳድረው መሬት 63 ሚሊዮን ሄክታር ያህሉ ለግጦሽ የተመደበ ሲሆን፣ ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ የግጦሽ ፈቃዶችና ኪራዮች ተሰጥተውበታል። በደረቅ አገር ከብት የሚኖረው በውሃ ገንዳ ዙሪያ ነው። የቆርቆሮ ገንዳ ደግሞ ከሩቅ የሚታይ፣ ሲመታ ድምፅ የሚሰጥ በመሆኑ ለስንፍና ተኳሽ እጅግ የሚመች ዒላማ ነው። አንዲት ጥይት የበሳችው ገንዳ ሌሊቱን ሲፈስ ያድራል፤ ባለከብቱ ይህን የሚያውቀው በሚቀጥለው ጉብኝቱ ሲሆን፣ እስከዚያው ከብቱ ብቻ ሳይሆን ከዚያው ገንዳ የሚጠጣው የዱር እንስሳም ተጠምቶ ይሰነብታል።

ሕጉ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 2019 የወጣውና በምክር ቤት አባሉ በጆን ዲንጌል ስም የሚጠራው ሕግ፣ የመሬት አስተዳደር ቢሮውና የደን አገልግሎቱ የሚያስተዳድሯቸው መሬቶች ተለይተው ካልተዘጉ በቀር ለአደን፣ ለዓሣ ማጥመድና ለዒላማ ተኩስ ክፍት መሆናቸውን ይደነግጋል። መዝጋት ግድ በሚሆንበት ጊዜም የሚዘጋው ሥፍራና ጊዜ ከሚያስፈልገው የበለጠ እንዳይሆን ያዛል። ሕጉ በመሠረቱ ደግ ነው። ችግሩ የሚመጣው «ካልተዘጋ በቀር» ከምትለው ሐረግ ላይ ነው። የቱ እንደተዘጋና የቱ ከመጀመሪያውም የፌዴራል መሬት እንዳልነበረ ለተኳሹ የሚነግረው ማን ነው?

የአሪዞናን ሁኔታ ማየት ይበቃል። በዚያ አገር የመሬት ቅየሳ ደንብ መሬቱ በእያንዳንዱ ጎኑ 1.6 ኪሎ ሜትር በሆነ ቁራሽ ተሸንሽኗል። አንዱ ቁራሽ 259 ሄክታር፣ በቀድሞው የአገራችን አለካክ ስድስት ጋሻ ተኩል ገደማ ይሆናል። ሠላሳ ስድስቱ ቁራሽ አንድ ላይ ተቆጥሮ፣ ከዚያ ውስጥ 2ኛው፣ 16ኛው፣ 32ኛውና 36ኛው ገቢያቸው ለትምህርት ቤቶች እንዲውል ለግዛቱ ተሰጥተዋል። እነዚህ የአደራ መሬቶች ዛሬ 3.7 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ሲሆኑ ዒላማ መተኮስ በላያቸው ክልክል ነው። ከዚህ የተነሳ አንድ ሰው በአንድ ሜዳ ላይ ጥቂት ቢራመድ ከተፈቀደው ወደተከለከለው ይሻገራል፤ አጥር የለ፣ ምልክት የለ፣ ቁጥቋጦውም ያው ነው። ይባስ ብሎ ፈቃድ ያለው አዳኝ በዚሁ በአደራው መሬት ላይ ማደን ስለሚችል፣ የአዳኙን ተኩስ የሰማ መንገደኛ እኔም እችላለሁ ብሎ ቢያስብ የሚያስገርም አይደለም።

በካርታ ላይ ነገሩ ግልጽ ነው። የመሬት አስተዳደር ቢሮው መሬት ቢጫ፣ የደን አገልግሎቱ አረንጓዴ፣ የግዛቱ ሰማያዊ፣ የግለሰቡ ነጭ ቀለም ይቀባል። ካርታውን የሚገዛ ወይም በስልኩ የሚይዝ ሰው ይጠቀማል። ነገር ግን አብዛኛው ሰው የሚሄደው ጓደኛው ወደሄደበት፣ ያ ጓደኛም በፊት ቀለህ ተበትኖ ወዳየበት ሥፍራ ነው። በረሃ ውስጥ የተበተነ ቀለህ ሌላ ሰው መተኮሱን እንጂ መተኮሱ የተፈቀደ መሆኑን አያስረዳም።

ተኳሾቹን ወደ በረሃው የገፋቸው በቂ ምክንያት እንዳለም መዘንጋት የለበትም። በ1999 በፊኒክስ ከተማ አንዲት የ14 ዓመት ልጃገረድ በተባራሪ ጥይት ከሞተች በኋላ፣ በ2000 የአሪዞና ሕግ በከተማ ክልል ውስጥ በግዴለሽነት መተኮስን ከባድ ወንጀል አደረገው። ይህ ትክክለኛ እርምጃ ነበር። ከተማው ግን በዚያው አልቆመም፤ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ትናንት ተኳሽ ይሄድበት ወደነበረው ኮረብታ ተጠግቷል። ዛሬ የብስክሌት ነጂው፣ የፈረስ ጋላቢውና አዲስ ቤት የሠራው ሰው የሚገናኙት እዚያው ነው።

ስለ ርቀት ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው የደን አገልግሎቱ ደንብ ነው። ከመኖሪያ ቤት፣ ከሠፈራ ሥፍራ ወይም ሰው ካለበት ቦታ በ137 ሜትር ክልል ውስጥ፣ እንዲሁም መንገድና ውሃ አሻግሮ መተኮስ አይቻልም። ደንቡ ጥሩ ነው፤ ጥይት ግን 137 ሜትር ላይ አይቆምም። ለልጆች መለማመጃ ተብላ የምትናቀው የ.22 ጥይት 2 ኪሎ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ልትሄድ ትችላለች፤ የከባድ አደን ጠመንጃ ጥይት ደግሞ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስለሆነም ትልቁ ነገር ከዒላማው በስተኋላ ያለው ነው። ጥይቱን ውጦ የሚያስቀር የአፈር ክምር ወይም ገደላማ ኮረብታ የሌለበት ሜዳ፣ በሕግ ክፍት ቢሆንም እንኳ የተኩስ ሥፍራ ሊባል አይገባውም። ድንጋያማ ኮረብታም እንዲሁ አይሆንም፤ ጥይቱን አንጥሮ ይመልሰዋል።

ድንጋዩ ሌላም ጣጣ አለው። በሰኔ 2012 በዩታ ግዛት በሳራቶጋ ስፕሪንግስ አጠገብ ዒላማ ተኳሾች ያስነሱት እሳት ከ2,000 ሄክታር በላይ አቃጥሎ በሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቀው እንዲወጡ አድርጓል። በማግሥቱ ዓመት በ2013 የደን አገልግሎቱ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ጠንካራ ነገር የመታ ጥይት ስብርባሪ እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊግል እንደሚችል፣ በተለይም ብረት ያለበትና ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ ጥይት ደረቅ ነገር ላይ ሲያርፍ እሳት እንደሚያስነሳ አረጋግጠዋል። ሲመታ የሚፈነዳው ዒላማ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። በሚያዝያ 2017 ከቱሳን ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ አንድ ሰው የሚወለደውን ሕፃን ፆታ ለማብሰር ብሎ በግዛቱ መሬት ላይ እንዲህ ያለውን ዒላማ መትቶ ያስነሳው እሳት 19,000 ሄክታር ያህል በልቷል። ይህን ያህል ሣር ለማጣት ድርቅ ብዙ ወራት ይፈጅበታል።

ቆሻሻውም የሚያሳፍር ነው። አሮጌ ቴሌቪዥን፣ ማቀዝቀዣ፣ ጠርሙስ ተጭኖ ይሄድና ተደብድቦ እዚያው ይቀራል። ጥይት የበሳሳው ብርጭቆ የከብትን ሰኮና እንደሚቆርጥ ለማንም ባለከብት መንገር አያስፈልግም። በዩታ ሌክ ማውንቴንስ በተባሉት ኮረብታዎች በድንጋይ ላይ የተቀረጹ የጥንት ሥዕሎች ሳይቀሩ በጥይት ተፈንክተዋል። ሳጓሮ የተባለው ረጅሙ ቁልቋል ከመቶ ዓመት በላይ የሚኖር፣ ቅርንጫፍ ለማውጣት ብቻ ሃምሳ ዓመትና ከዚያ በላይ የሚፈጅበት ተክል ሲሆን፣ እርሱም ዒላማ ይሆናል። በ1982 ከፊኒክስ በስተሰሜን አንድ ሰው ሳጓሮ በጥይት ሲደበድብ ቁልቋሉ ተንዶበት ሞቷል። ይህ ታሪክ በአሪዞና እንደ ቀልድ ይወራል፤ ቁልቋሎቹን ግን ከሌላው ተኳሽ አላስጣለም።

ይህን ሁሉ የተመለከቱ ወገኖች በረሃው ይዘጋ ይላሉ። በተወሰኑ ሥፍራዎች ትክክል ናቸው። በቱሳን አቅራቢያ ያለው የአይረንውድ ጥብቅ መሬት በ2013 ለዒላማ ተኩስ ተዘግቷል። በፊኒክስ ደቡብ ምዕራብ የሚገኘውና በ2001 የተከለለው፣ 197 ሺህ ሄክታር ያህል ስፋት ያለው የሶኖራን በረሃ ጥብቅ መሬት ጉዳይ ግን ሰንብቷል። ፍርድ ቤት በ2015 የመሬት አስተዳደር ቢሮውን ውሳኔ ሻረ፤ በ2018 ቢሮው ከአሥር እጅ ዘጠኙን ያህል ክፍት አድርጎ እንደገና ወሰነ፤ በ2019 እንደገና ተከሰሰ፤ በ2022 እንደገና ለማጥናት ተስማማ። ዓመታት በክርክር ሲያልፉ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ተኳሹ መውጣቱን አላቋረጠም። አንድ ሸለቆ ሲዘጋ ወደሚቀጥለው ሸለቆ ይሄዳል፤ የሚቀጥለው ሸለቆ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይበልጥ ራቅ ያለ፣ ተቆጣጣሪ የማይደርስበት፣ የከብት ገንዳ ያለበት ነው። በአንጻሩ አንዳንድ የተኳሾች ማኅበራት ማንኛውንም መዝጋት የመብት መገፈፍ አድርገው ማየታቸው ለራሳቸውም አይጠቅማቸውም። የሚያዘጋባቸው ቆሻሻውና እሳቱ ነውና።

የተሻለው መንገድ በፊኒክስ ዙሪያ ተጀምሯል። የመሬት አስተዳደር ቢሮው ከግዛቱ የአደንና የዓሣ መሥሪያ ቤት ጋር በመተባበር እንደ ባልዲ ማውንቴንና ቸርች ካምፕ ሮድ ያሉ ሥፍራዎችን መርጦ፣ የአፈር መከላከያና የመኪና ማቆሚያ እየሠራ ያለ ክፍያ ለሕዝብ ከፍቷል። መዝጋት የሚያምርበት ከዚህ በኋላ ነው። «እዚህ አትተኩስ» የሚለው ሰሌዳ «እዚያ ተኩስ» የሚል ቀስት ቢጨመርበት የሚታዘዘው ሰው ይበዛል። ከፊኒክስ በስተሰሜን ያለው የቤን ኤቨሪ መተኮሻና በላስ ቬጋስ የክላርክ ካውንቲ መተኮሻ ሠራተኛ ያላቸው፣ የሚያስከፍሉ ሥፍራዎች ናቸው። ለጀማሪ የሚሻሉት እነርሱ ናቸው፤ ክፍያው የከበደው ወይም ጫጫታው ያልተመቸው ግን ወደ በረሃው መሄዱ አይቀርም።

በላስ ቬጋስ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩ እንደመሆናቸው እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ያሻል። የአገሪቱ ፌዴራል ሕግ በጊዜያዊ ቪዛ የገባ የውጭ ዜጋ ጠመንጃም ሆነ ጥይት እንዳይዝ ይከለክላል፤ የሚታለፈው የአደን ፈቃድ እንዳለው ሰው ባሉ ጥቂት ሁኔታዎች ብቻ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ያለውን ይህ ክልከላ አይመለከተውም። ለሠርግ ወይም ለምርቃት በጎብኚ ቪዛ የሄደ አጎት በረሃ ወርዶ ፎቶግራፍ ለመነሣት ያህል ጠመንጃ ቢጨብጥ፣ ሥፍራው የተፈቀደ ቢሆንም እንኳ እርሱ ያልተፈቀደለት ነው። የጋበዘው ዘመድ ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ሥፍራ ማዘጋጀት ገንዘብ ይጠይቃል የሚባለው እውነት ነው፤ ገንዘቡ ግን አለ። ከ1937 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት በረጅም ጠመንጃና በጥይት ላይ 11፣ በሽጉጥ ላይ 10 በመቶ ቀረጥ ይሰበሰባል፤ ለግዛቶችም ይከፋፈላል። ቀድሞ ግዛቶች ለመተኮሻ ሥፍራ ከወጪው 25 በመቶውን ራሳቸው እንዲችሉ ይጠበቅባቸው ነበር። በግንቦት 2019 የወጣው ማሻሻያ ድርሻውን ወደ 10 በመቶ ዝቅ እንዲያደርጉና ገንዘቡን እስከ አምስት ዓመት እንዲያቆዩ ፈቅዶላቸዋል። በ100 ሺህ ዶላር ለሚሠራ ሥፍራ ግዛቱ ከኪሱ የሚያወጣው 10 ሺህ ይሆናል ማለት ነው። የቀረው የቦታ መረጣው ነው። ይህም በከተማ ቢሮ ካርታ ዘርግቶ ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ ገንዳው የት እንዳለ፣ ከብቱ በየትኛው ወር በየትኛው ሸለቆ እንደሚያልፍ የሚያውቁት የግጦሽ ፈቃድ ያላቸው ባለከብቶች ናቸውና፣ የመጀመሪያው ችካል ከመተከሉ በፊት እነርሱ ሊጠየቁ ይገባል።