«ሁለተኛ ጣት» የቱ ነው?

«አማርኛ ለሕክምና አይበቃም» የሚለውን ዘፈን ስሰማው ኖሬያለሁ። ዘፋኞቹ ሐኪሞች ብቻ አይደሉም፤ ተምረናል የምንል ሁሉ አዝማቹን እንቀበላለን። እኔ ግን መቀበሉን ትቻለሁ። ያስተወኝ የአንድ ጎረቤቴ ጣት ነው።

ጎረቤቴ ኮልፌ አጠና ተራ እንጨት ሲያወርዱና ሲሸጡ የኖሩ ጋሼ ናቸው። አንድ ቀን አጠና ተንሸራቶ የቀኝ ሌባ ጣታቸውን ቀጠቀጠው። ስሙን ወደማልጠራው ክሊኒክ ይዣቸው ሄድኩ። ራጅ ተነሡ። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ «ስብራት፣ ሁለተኛ ጣት» ብሎ ጻፈ። ከአውራ ጣት ጀምሮ መቁጠሩ ነበር። የሚያስረው ባለሙያ ግን አውራ ጣትን ከጣት አላገባውም፤ እንግሊዝኛውም እኮ አንዴ ይቆጥረዋል፣ አንዴ ይተወዋል። እጃቸው በሙሉ አብጦ ስለነበር ዓይንም አልረዳውም። የመሐል ጣታቸውን ደግፎ አሰረው። ጋሼ «ልጄ፣ እኔን ያመመኝ ሌባ ጣቴን ነው» ቢሉት «ወረቀቱ የሚለው ይህን ነው» አላቸው። ከሦስቱ ጣቱን በማያሻማ ስሙ የጠሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ያልተሰሙትም እሳቸው ብቻ።

ለመሆኑ አውራ፣ ሌባ፣ መሐል፣ ቀለበት፣ ትንሽ ብሎ የሚሳሳት ማን ነው? በውጭ አገር ያሉ የእጅ ቀዶ ሐኪሞች እንኳ የቁጥሩን ጣጣ ስላዩት ጣትን በስሙ ጻፉ እያሉ ይመክራሉ። «ሌባ» የሚለው ቃል ነውር ነው የሚል ካለ «አመልካች» ይበለው፤ በዚህ አልጣላም።

ሌላም አለ። በሐኪም መጽሐፍ ሰው ሁሉ መዳፉን ወደ ፊት ገልጦ የቆመ ነው። ስለዚህ አውራ ጣት «በውጭ በኩል»፣ ትንሿ ጣት «በውስጥ በኩል» ይውላሉ። ጋሼ ግን «ውስጥ እጄን አመመኝ» ሲሉ መዳፋቸውን ማለታቸው ነው። እንግዲህ ሁለቱ እንዴት ይግባቡ? «በአውራ ጣት በኩል»፣ «በትንሿ ጣት በኩል» ቢባል እጁ ቢገለበጥም ቢዘቀዘቅም ነገሩ አይናወጥም።

አማርኛ ጉድለት የለበትም አልልም። «እጅ» ስንል ከትከሻ እስከ ጥፍር ነው፤ «አንጓ» አንዴ የእጅ፣ አንዴ የጣት ነው። ይህ ግን ቃል ለይቶ በመመደብ የሚቃና እንጂ ቋንቋውን የሚያስጥል አይደለም።

ነገሩ ቀላል የሚመስለው ካለ ከእኛው ክፍለ ከተማ ሳይወጣ ዘነበወርቅ ይውረድ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 የተቋቋመው አለርት እዚያ ነው። የሥጋ ደዌ ክርን አጠገብ ያለውን ነርቭ ሲያጠቃ የሚደነዝዙት ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ናቸው፤ ጣቶቹም ይቆለመማሉ። የእጅ አንጓ ላይ ያለው ሌላው ነርቭ ሲጎዳ አውራ ጣት ከሌሎቹ ፊት ለፊት መግጠም ይሳነዋል። ያኔ ቁልፍ መቆለፍ፣ እንጀራ መቁረስ ቀረ ማለት ነው። ሕዝባችን «ቆማጣ» ሲል ጣት በራሱ ተቆርጦ የሚወድቅ ይመስለዋል። አይደለም። የደነዘዘ እጅ ምጣድ ሲያቃጥለው፣ ቢላ ሲቆርጠው አይሰማውም፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አጥንቱም ቀስ በቀስ ያልቃል።

ለበሽታው መድኃኒት አለ፤ የሚሰጠውም በነጻ ነው። ነገር ግን ነርቩ ከሞተ በኋላ የጠፋውን ስሜት መመለስ አብዛኛውን ጊዜ አይችልም። ስለዚህ አንዲት እናት «ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ግማሽ ደነዘዙብኝ» ስትል ቃሏ እንዳለ ሊጻፍ ይገባል። «የእጅ ሕመም» ተብሎ ተጠቅልሎ ማስታገሻ ከተሰጣት የጠፋው አንድ ቃል ብቻ አይደለም። እኔ የምጠይቀው እንግሊዝኛው ይቅር ብዬ አይደለም፤ ከጎኑ የጣቱ ስም በአማርኛ ይጻፍ፣ ታካሚውም ይነበብለት ነው። ይህ ስንት ብር ያስወጣል?

የጋሼ ሌባ ጣት ተጣሞ ስለገጠመ ዛሬም አይታጠፍም። አጠና ሲቆጥሩ በመሐል ጣታቸው ይጠቁማሉ።