የገና ፍም መኝታ ቤት አይግባ

ታኅሣሥ ሌሊቱ ረጅም ነው፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ኮተቤና ፈረንሳይ ላይ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ታኅሣሥ 29 ገና ነው፤ ዶሮው ሲወጠወጥ ያመሻል፣ ቡናው ይፈላል። ይህ ባህላችን ደስ ይላል፣ አይቅር እላለሁ።

እኔን የሚያሳስበኝ የተረፈው ፍም ነው። "ይሙቀን" ተብሎ መኝታ ቤት ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። "ጭሱ ወጥቶለታል" ማለት አያድንም፤ የቀላ ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

ከከሰል ይልቅ ብርድ ልብስ ደርቡ። ቤት ውስጥ ያላችሁትን ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ሁላችሁም ውጡ፣ ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

መልካም ገና! ለወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉ።