የጣለው ተቆጥሯል፣ የተሸከመውስ?



ዛሬ የምንጽፈው ስለ አውሮፕላን ነው። «ደግሞ የአውሮፕላን ነገር እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ከማንም በላይ የሚያገባን እኛን ነው።

ከቤርሸባ አጠገብ፣ ሐጼሪም በሚባለው የጦር ሰፈር፣ የአየር ኃይሉ ሙዚየም አለ። የልጅ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ለጉብኝት ይሄዱበታል። የኤዜር ቫይጽማን ጥቁር ስፒትፋየር እዚያ ነው። በ1966 ኢራቃዊው አብራሪ ሙኒር ረድፋ ይዞት የመጣው ሚግ 21ም እዚያ ቆሟል። ሚራዥ አለ፣ ፋንተም አለ፣ ክፊር አለ። ከተዋጊዎቹ አንዳንዶቹ አፍንጫቸው አጠገብ ትናንሽ ክብ ምልክቶች ተስለውባቸዋል። አንዱ ምልክት አንድ የተጣለ የጠላት አውሮፕላን ማለት ነው።

ይህን አንቃወምም። ልጆቻችን በዚህ አገር ሠራዊት አገልግለዋል፤ የወደቁም አሉን። ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ የጣለው እንዲህ በቀለም ተቆጥሮ ከተጻፈለት፣ ሰው ተሸክሞ ያመጣው አውሮፕላንስ ጎኑ ላይ ምን ይጻፍለት?

እናንተ ታስታውሳላችሁ፤ የምንጽፈው ለልጆቹ ነው። በኛ አቆጣጠር ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983፣ በፈረንጁ ደግሞ ሜይ 24 እና 25 ቀን 1991፣ ዓርብና ቅዳሜ። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተነስቶ እዚህ ገባ። የኤል አል ቦይንጎች ነበሩ፤ የአየር ኃይሉ ሄርኩለሶችም ነበሩ፤ እዚህ አገር «ካርናፍ» ይሉታል፣ አውራሪስ ማለት ነው። ነፍስ ማዳን ነውና ሰንበትም አላቆማቸውም። ብዙ ሰው እንዲይዙ ከብዙዎቹ ወንበሩ ተነቅሎ ነበር። ከነዚህ አንዱ 747 በአንድ በረራ 1,088 ሰው ይዞ አረፈ። ሁለቱ አየር ላይ የተወለዱ ሕፃናት ናቸው። ጊነስ በሚባለው የዓለም መዝገብ ላይ፣ በአንድ አውሮፕላን ብዙ ሰው የተሳፈረበት በረራ ተብሎ ተጽፏል።

አሁን ወደ ቅሬታችን እንግባ።

የአውሮፕላን ወዳጆች የሚባሉ ሰዎች አሉ። አጥር ጥግ ካሜራ ይዘው ቆመው የሚውሉ፣ የእያንዳንዱን አውሮፕላን የጭራ ቁጥር በቃላቸው የሚያውቁ ናቸው። እናከብራቸዋለን፤ እነሱ ባይኖሩ ስንቱ ታሪክ ያለው አውሮፕላን ተቆራርጦ በቀረ ነበር። ግን የእኛን በረራ ሲያነሱ ወሬው ሁሉ ስለ ክብደት ነው። እነዚህ ሰዎች ቀጫጭኖች ነበሩ፣ ሻንጣም አልያዙም፣ ስለዚህ ከታሰበው በላይ ተጫኑ ይላሉ። ልክ ነው፤ ቀጫጭኖች ነበርን። ለምን እንደ ቀጠንን፣ አዲስ አበባ ላይ ስንት ወር ስንጠብቅ እንደ ከረምን፣ ቤታችንንና ከብታችንን ለማን ጥለን እንደ መጣን ግን የሚጠይቅ የለም። በነሱ መዝገብ ውስጥ እኛ ጭነት ነን። ትልቅ ቁጥር ያለን ጭነት!

ሌላም አለ። አውሮፕላኑ ውስጥ እሳት ሊያነዱ ነበር የምትባል ወሬ አለች። ስለ አሊያችን በተነሳ ቁጥር ሳቅ ለማምጣት ትነገራለች። ልጆቻችን ፊት እንኳ ትነገራለች። ሙዚየም የሌለው ሰው ታሪኩ በቀልድ ይተካል። ልጁ ወለሉን ቢያየው፣ አያቱ እግሯን አጥፋ የተቀመጠችባትን ቦታ በእጁ ቢነካው፣ ያችን ቀልድ ሲሰማ ዝም አይልም ነበር።

«747 ትልቅ ነው፣ የት ይቀመጣል? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?» ይሉናል። የመንገደኛ አውሮፕላን ሲያረጅ ዕጣው የታወቀ መሆኑን እናውቃለን፦ ሞተሩ ይወርዳል፣ የሚጠቅመው ዕቃ ይሸጣል፣ ገላው ተቆራርጦ አሉሚኒየም ይሆናል። ግን ሙሉውን ማን ጠየቀ? ዋሽንግተን ያለው ትልቁ የአሜሪካ የአየርና የጠፈር ሙዚየም እንኳ ከአንድ 747 የያዘው አፍንጫውን ብቻ ነው። ለኛ የአንድ ሄርኩለስ ወይም የአንድ ቦይንግ ገላ ቁራጭ ይበቃናል። ሰው ገብቶ የሚቆምበት፣ ወንበር የሌለበት።

ወንበር የሌለበት ያልነው በምክንያት ነው። አሮጌ አውሮፕላን የሚያድሱ ሰዎች መካከል የቆየ ክርክር አለ። አንዳንዱ ከፋብሪካ እንደ ወጣ አድርጎ መቀባት ይወዳል። ሌላው ደግሞ ጭረቱም፣ ጥጋኑም፣ የደበዘዘው ቀለምም ታሪክ ነውና አትንኩት ይላል። እኛ ከሁለተኛው ጋር ነን። ወንበሩ ተደርድሮ፣ ምንጣፉ ተነጥፎ «ቤተ እስራኤል የመጡበት» ብለው ቢያሳዩን ውሸት ነው። ባዶ ወለል ነው የኛ እውነት።

ሌላው ዓለም ይህን ያውቃል። በ1973 አሜሪካኖች ከሃኖይ እስረኞቻቸውን ያወጡበት የጭነት አውሮፕላን ዛሬ ኦሃዮ ውስጥ፣ በአየር ኃይላቸው ሙዚየም ነው። «የሃኖይ ታክሲ» ይሉታል። ማንንም አልጣለም፤ የተከበረው ባመጣቸው ሰዎች ነው። ጀርመኖችም በ1977 ተጠልፎ ሞቃዲሾ ላይ ተሳፋሪዎቹ የዳኑበትን «ላንድስሁት» የተባለ ቦይንግ በ2017 ብራዚል ድረስ ሄደው ገዝተው አመጡት። አርጅቶ፣ የትም ተጥሎ ነበር እኮ!

የተወለድንበትንም አገር እንይ። በ1935 አዲስ አበባ ላይ በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት የተሠራችው፣ በንጉሡ ልጅ ስም «ፀሐይ» የተባለችው ትንሽ አውሮፕላን፣ ጣሊያን ወስዷት ሙዚየሙ ውስጥ አስቀምጧት ኖረች። ኢትዮጵያ የተረከበቻት በ2024 ነው። ወደ 90 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። የእንጨትና የሸራ ነገር ነው ብሎ የተዋት የለም።

በሱዳን በኩል የመጣችሁ ወገኖቻችን ደግሞ «የኛ ነገር አውሮፕላን አይደለም፣ እግር ነው» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ እሱን ማንም አያሳንሰውም። በመንገድና በሱዳን ሰፈሮች ለቀሩት በኢየሩሳሌም፣ በሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ አለ። ግን በ1984 መጨረሻ ከካርቱም በሌሊት ያነሷችሁ የቤልጂግ ኩባንያ ቦይንግ 707ዎችም፣ በ1985 ከገዳሪፍ በኩል የመጡት የአሜሪካ ሄርኩለሶችም የዚሁ ታሪክ ክፍል ናቸው። ስማቸው በአንድ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፣ በዕብራይስጥም፣ በአማርኛም፣ በትግርኛም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው። የአየር ኃይሉ ሙዚየምና የሚመለከታቸው ባለሥልጣናት አንድ የገላ ቁራጭ ይመድቡ። ሲያዘጋጁት ከአብራሪዎቹ ጋር ብቻ ሳይሆን ወለሉ ላይ ከተቀመጡት ጋር ይቀመጡ፤ አብራሪው ወደ ፊት ነው ሲያይ የነበረው። በተዋጊው ላይ የተጣለውን እንደሚስሉ፣ በዚህኛው ላይ የመጣውን ሰው ቁጥር ይሳሉ።

እናንተም፣ እናቶችና አባቶች፣ የዚያን ቀን ግንባራችሁ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ሳጥን ውስጥ ያስቀመጣችሁ ካላችሁ እንዳትጥሉት። የለበሳችሁት ነጠላ ካለም እንደዚያው። ምን ዓይነት አውሮፕላን እንደ ነበረ፣ በየት በር እንደ ገባችሁ፣ አጠገባችሁ ማን እንደ ተቀመጠ ለልጅ ልጆቻችሁ ንገሩና በስልክ ይቅረጹት። ጽፋችሁ መላክ የሚከብዳችሁም በድምፅ ላኩልን፤ እኛ እንጽፈዋለን።