«ተጋላጭ» ማለት «ጥፋተኛ» ማለት አይደለም

ስለ አባላዘር በሽታ ሲወራ ጣት የሚቀሰረው ሁሌም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፦ ሴተኛ አዳሪዎች፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች። እኛም በሪፖርታችን «ከፍተኛ ተጋላጭ ቡድን» እንላለን። ቃሉ ልክ ነው። ችግሩ ሰዉ «ጥፋተኛ» ብሎ መስማቱ ነው።

ያስተማርኳችሁ ልጆች ይህቺን አትረሷትም። እንዲህ ያለ በሽታ መስፋፋት አለመስፋፋቱን ሦስት ነገሮች ይወስኑታል። አንድ፣ በአንድ ግንኙነት የመተላለፍ ዕድሉ። ሁለት፣ ሰው በየስንት ጊዜው አዲስ የወሲብ ጓደኛ ይኖረዋል። ሦስት፣ የተያዘ ሰው ሳይታከም ስንት ጊዜ ይቆያል። ሦስቱ ይባዛሉ፤ አንዱን በግማሽ ከቀነስን ውጤቱም በግማሽ ይወርዳል።

ለመጀመሪያው ኮንዶም አለን። ለሁለተኛው ስብከት አለን፤ በዚህ ሥራ ልጇን የምታሳድግ ሴት ግን በስብከት ደንበኛ አትቀንስም። ሦስተኛው ያለው በእኛ በጤና ባለሙያዎች እጅ ነው። የምንወድቀውም እዚሁ ላይ ነው።

ለምን? ጨብጥና ክላሚዲያ በብዙ ሴቶች ላይ ምንም ምልክት አያሳዩም። ቂጥኝ መጀመሪያ የሚያወጣው ቁስል አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ በራሱም ይደርቃል፤ ባክቴሪያው ግን ውስጥ ይቀራል። በብዙ ጤና ጣቢያዎቻችን ግን የምናክመው ምልክት አይተን ነው። ፈሳሽ ወይም ቁስል የሌላት «ደህና ነሽ» ተብላ ትሸኛለች። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2020 ብቻ 129 ሚሊዮን አዲስ የክላሚዲያ፣ 82 ሚሊዮን አዲስ የጨብጥ ኬዝ እንደነበረ ገምቷል። ስንቱ ሳያውቀው እንደሚዞር አስቡት።

ምልክት ያላትስ? ካርድ ክፍል ላይ ሰው ፊት «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ከተባለች ሁለተኛ አትመጣም። ፋርማሲ ሄዳ ያለ ማዘዣ ኪኒን ትገዛለች። ጨብጥ ድሮ በአንድ የሲፕሮ ኪኒን ይድን ነበር፤ ዛሬ ባክቴሪያው ስለለመደው በሴፍትሪያክሶን መርፌ ላይ ተንጠልጥለናል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። እንድትደብቅ ያደረግናት ግን እኛው ነን።

ደግሞ «እነሱ» እና «እኛ» የሚል አጥር ባክቴሪያ አያውቅም። ከባሏ ሌላ የማታውቅ ሴት በእርግዝና ክትትል ላይ ቂጥኝ ሊገኝባት ይችላል። ካልታከመች ልጁ ሞቶ ሊወለድ ወይም በሽታውን ይዞ ሊወለድ ይችላል። በጊዜ ከተገኘ ግን የመጀመሪያ ደረጃ ቂጥኝ በአንድ ቀን የፔኒሲሊን መርፌ ይድናል!

ስለዚህ የኔ አቋም ይሄ ነው። ተጋላጭ ለሆኑ ሰዎች ምልክት ሳንጠብቅ በየጊዜው እንመርምር። ጓደኛዋን ሳናክም እሷን «አከምን» አንበል፤ ተመልሳ ትያዛለች። ከሁሉም በፊት ግን በሩን ዘግተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንጠይቅ። ይሄኛው በጀት አይጠይቅም። በአክብሮት የታከመች ሴት ነገ ጓደኞቿን ይዛ ትመጣለች።

ጤና ጣቢያ የምትሠሩ ልጆቼ፣ እናንተ ጋ እንዴት ነው? እስቲ ጻፉልኝ።